የበለዘ ክንድ፦ በወሎ የደም መቅጃ ክፍሎች የምናገኛቸው ዕቃዎችና አገልግሎት ሲመዘኑ

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ይሁን ወልዲያ፣ ደም ተቀድቶ ከላብራቶሪ የሚወጣን ሰው ከሩቅ መለየት ቀላል ነው። ክንዱን አጥፎ፣ ጥጧን መታጠፊያው ውስጥ ቀርቅሮ፣ በሌላ እጁ ካርዱን ይዞ ይወጣል። በማግስቱ እጅጌውን ሲሰበስብ መታጠፊያው በልዞ ያገኘዋል። ያኔ ክሱ ይጀመራል፦ መርፌው ወፍራም ነበር፣ ልጅቷ እጇ ከባድ ነው፣ ወይም «ድሮም ደሜ ቀጭን ነው»። ሦስቱም አንዳንዴ እውነት ይኖርባቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው መርፌው ከወጣ በኋላ፣ ያ ክንድ ሲታጠፍ ነው።

እዚህ የምንመዝነው ዕቃዎቹን፣ ክፍሎቹንና ከመርፌው በኋላ የሚደረገውን እንክብካቤ ነው። የተቋም ስም አንጠራም። አንድ ክፍል ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚሰጠው አገልግሎትና ሰልፉ በሩን አልፎ ሲወጣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ የሚሰጠው አንድ ስላልሆነ፣ ስም መጥራቱ ፍርድ ያዛባል። አንባቢ በራሱ ዓይን የሚያየውንና የሚጠይቀውን ብንነግረው ይሻላል።

መጀመሪያ ግን ብልዙ ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ ይህ ካልገባ የዕቃው ምዘና ትርጉም የለውም። መርፌ ሲገባ የሚፈጠረው ቀዳዳ ሁለት ነው፤ አንዱ ቆዳው ላይ፣ ሌላው ደም ስሩ ግድግዳ ላይ። መርፌው በ30 ዲግሪ ወይም ከዚያ ባነሰ ማዕዘን ጋደል ብሎ ስለሚገባ ሁለቱ ቀዳዳዎች አይገጣጠሙም። የደም ስሩ ቀዳዳ ከቆዳው ቀዳዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻ አቅጣጫ ከፍ ብሎ ይገኛል። እኛ የምናየው የቆዳውን ብቻ ነው። ጥጡ ላይ ደም መታየቱ ቢያቆምም ታችኛው ቀዳዳ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል፤ የሚወጣው ደምም ወደ ውጭ መንገድ ሲያጣ ከቆዳ ሥር ይሰራጫል። ሲሰራጭ በለዘ እንላለን፤ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እብጠት ሲሆን ደግሞ ደም ቋጠረ። ሐኪሞች ሄማቶማ ይሉታል።

ስሪንጅ

በጤና ጣቢያም በከተማ ክሊኒክም ዛሬም ብዙ የሚሠራበት የ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው። ደም ለመቅዳት ለአዋቂ ሰው የተለመደው መርፌ መቀመጫው አረንጓዴ የሆነው ባለ 21 ቁጥር ነው፤ የውጭ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጥቁሩ 22 ቁጥር 0.7፣ ሰማያዊው 23 ቁጥር 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስበዋል። «ቀጭኑን አርጊልኝ» ብሎ መለመን ጤናማ ደም ስር ላለው አዋቂ ሰው የሚያተርፈው የለም። በቀጭን መርፌ ደሙ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ መርፌው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ መርፌውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በትክክል የገባ አረንጓዴ፣ ውስጥ ገብቶ ከሚቆፍር ሰማያዊ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል።

የስሪንጅ ጥሩ ጎኑ የመሳቢያው ኃይል በባለሙያው እጅ መሆኑ ነው። ደም ስሩ ሲደክም ቀስ ይላል፣ ሲበረታ ይስባል። ክፉ ጎኑም እዚያው ነው። አዲስ ስሪንጅ ፒስተኑ መጀመሪያ ይይዛል፤ መርፌው ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ መርፌው ደም ስር ውስጥ እያለ ፒስተኑ ድንገት ሲለቅ እጅ ይዘላል፤ ጫፉ የደም ስሩን የኋላ ግድግዳ ይበሳል። ያኔ ቀዳዳው ሦስት ሆነ ማለት ነው። በኃይል ሲሳብ ደግሞ ቀጭን ደም ስር ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል፤ ባለሙያው «ጠፋ» ብሎ መርፌውን ወዲያና ወዲህ መፈለግ ይጀምራል። በዚህ ፍለጋ ያልበለዘ ክንድ ያልፍለታል እንጂ ደንቡ አይደለም።

ሌላ የተሰወረ ችግር አለው። ደሙ ከስሪንጅ ወደ ቲዩብ፣ ማለትም ውስጡ አየር ወደተመጠጠው የደም መያዣ ብልቃጥ፣ መዛወር አለበት። ሰው ሲቸኩል ፒስተኑን ገፍቶ በመርፌው ቀዳዳ አስገድዶ ያስገባዋል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰበራሉ፣ ሴረሙ (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) ይቀላል፣ ፖታሲየም በሐሰት ከፍ ይላል። ውጤቱ ውድቅ ሆኖ ታካሚው «ድገም» ይባላል። ሁለተኛ መውጊያ፣ ምናልባትም ሁለተኛ ብልዝ። ትክክለኛው መንገድ ቲዩቡን መደርደሪያ ላይ አቁሞ ክዳኑን በመርፌው መብሳትና ፒስተኑን ሳይነኩ ቲዩቡ ራሱ እንዲስበው መተው ነው። ቲዩቡን በሌላ እጅ ይዞ መብሳት ለባለሙያው ጣት አደገኛ ነው።

ፍርዳችን፦ አንድ ቲዩብ ብቻ ለሚያስፈልገው ምርመራ በተረጋጋ እጅ በቂ ነው። አራት ዓይነት ምርመራ ለታዘዘለት ሰው ግን ስሪንጅ የድህነት ምርጫ ነው።

ቫኪዩም ቲዩብ

ብዙዎቻችን በአንዱ አምራች የንግድ ስም ቫኩቴይነር እንለዋለን። ሁለት ጫፍ ያለው መርፌ፣ የፕላስቲክ መያዣና ውስጡ አየር የተመጠጠ ቲዩብ ነው። አንዴ ተወግቶ የፈለጉትን ያህል ቲዩብ መቀያየር ይቻላል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። የክዳኑ ቀለም ውስጡ ያለውን ይናገራል፦ ሰማያዊ ለደም መርጋት ምርመራ፣ ቀይ ወይም ወርቃማ ለሴረም፣ አረንጓዴ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ያለበት፣ ሐምራዊ ለሙሉ የደም ቆጠራ፣ ግራጫ ለስኳር። አሞላሉም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ካልተከተሉት ከአንዱ ቲዩብ ያለው ኬሚካል ወደ ሌላው ይሻገራል። ሐምራዊው ከቀዩ ቀድሞ ከተሞላ ፖታሲየም ያለ ጥፋቱ ከፍ፣ ካልሲየም ያለ ጥፋቱ ዝቅ ይላል።

ብልዝን በተመለከተ የዚህ ዕቃ ፈተና ቲዩብ ሲቀየር ነው። አዲሱ ሲገፋ መርፌው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የሞላው ሲነቀል መርፌው ወደ ውጭ ይሳባል። ጎበዝ ባለሙያ መያዣውን የያዘበትን እጅ የታካሚው ክንድ ላይ አሳርፎ ይቆልፈዋል፤ ክንዱ ቢነቃነቅ እንኳ እጁ አብሮ ይሄዳል። እጁ አየር ላይ ከሆነ ግን በሦስተኛው ቲዩብ ላይ ጫፉ የት እንዳለ አላህ ብቻ ያውቃል። የመጨረሻው ቲዩብ መነቀል ያለበትም መርፌው ከቆዳ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ በውስጡ መሳቢያ ኃይል ከተረፈ መርፌው ሲወጣ እየሳበ ይወጣል።

ለአረጋዊና ለጠወለገ ሰው ትልቅ ቲዩብ አይመችም፤ ቲዩቡ ደም ስሩን መጥጦ ይዘጋዋል። ባለ 2 ሚሊ ሊትሩ ረጋ ይላል። በአጠቃላይ ግን በጥሩ እጅ ከተያዘ ለአብዛኛው አዋቂ ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም።

ቢራቢሮ መርፌ

ሁለት ክንፍና ቀጭን ቱቦ ያለው፣ ብዙ ጊዜ 23 ቁጥር የሆነ አጭር መርፌ ነው። ክንፎቹን በሁለት ጣት ይዞ በዝቅተኛ ማዕዘን ስለሚያስገቡት ለእጅ ጀርባ ደም ስር፣ ለሕፃናትና ቆዳቸው እንደ ወረቀት ለሳሳ አዛውንቶች ወደር የለውም። ስሪንጁ ወይም መያዣው ቢነቃነቅ ቱቦው ይቀበለዋል እንጂ መርፌው አይነካም። ዋጋው ከተራ መርፌ ይበልጣል፤ ሁልጊዜም አይገኝም። ስለዚህ ለሁሉም ሰው መጠቀሙ ብክነት ነው፤ የአንድ የ80 ዓመት እናት ክንድ ሦስት ጊዜ በአረንጓዴ መርፌ ከተወጋ በኋላ «ቢራቢሮ አምጡ» ማለት ደግሞ የዘገየ ነው። ከመጀመሪያው መታሰብ ነበረበት።

አንድ ማሳሰቢያ ለባለሙያ፦ ቱቦው ውስጥ አየር አለ። የመጀመሪያው ቲዩብ ሰማያዊ ከሆነ ያ አየር ገብቶ ደሙን ያሳንሰዋል፤ ሰማያዊው ደግሞ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ፈሳሽ ተብሎ የተመጠነ ስለሆነ ካልሞላ ውጤቱ ይዛባል። አንድ ተጨማሪ ቲዩብ ለአየሩ ማውጫ አስቀድሞ መጣል ነው መፍትሔው። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ልኬት) በዚህ ተዛብቶ መጠኑ ቢቀየርበት ከብልዝ የከፋ ነገር ይመጣል።

ማሰሪያው

ላስቲኩ ወደ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሲሆን ኃይሉን ያከፋፍላል። ብዙ ቦታ ግን የሚታሰረው የተቀደደ ጓንት ነው። ጓንት ሲጎተት ገመድ ይሆናል፤ ቆዳውን ይቆነጥጣል፣ ፀጉር ይነቅላል፣ በማግስቱ ክንድ ላይ አምባር የመሰለ ቀይ ነጠብጣብ ይተዋል። «እዚህ ጋ አልተወጋሁ፣ ለምን በለዘ?» ለሚል ሰው መልሱ ያ ነው። ጓንት ለመታሰሪያነት የተሠራ አይደለም፤ በዚህ ላይ አንራራም። ቆዳው የሳሳ ሰው ከሆነ ላስቲኩንም ቢሆን በስስ እጅጌ ላይ ማሰር ይቻላል።

የሚታሰረው ከሚወጋበት ቦታ በላይ አራት ወይም አምስት ጣት ያህል ርቆ ነው። ከ1 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ደም ስር ፍለጋው ከረዘመ ፈትቶ ጥቂት አሳርፎ እንደገና ማሰር ይገባል። ሰው የሚረሳው ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ ማሰሪያው የሚፈታው መርፌው ከመውጣቱ በፊት ነው። ታስሮ ሳለ ደም ስሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ግፊት መርፌ ቢነቀል ደሙ በቀዳዳው ተንፎልፉሎ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ታካሚም ሊያስታውስ የሚችለው ነገር ነው፤ «እህቴ፣ ላስቲኩ አልተፈታም» ማለት ነውር የለውም። ጠባብ ሹራብ እስከ ብብት ጠቅልሎ ከላይ ማስቀመጥም ራሱ ሁለተኛ ማሰሪያ ነው፤ በደሴ ብርድ ሦስት ልብስ ደርቦ የመጣ ሰው አንዱን ቢያወልቅ ይሻለዋል።

ጥጥ፣ ፕላስተርና ያ የታጠፈ ክንድ

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ርካሹ ነው። ደረቅ ጎዝ (የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ከጥጥ ይሻላል፤ የጥጥ ክር በረጋው ደም ላይ ተጣብቆ ሲነሣ የተደፈነውን ይዞ ይነሣል። ጥጥ ብቻ ካለ ይሁን፣ ግን ደረቅ ይሁን። አልኮል የነከረ ጥጥ ከመወጋቱ በፊት ለማጽጃ ነው፤ 70 በመቶው አልኮል 30 ሰከንድ ታሽቶ 30 ሰከንድ ይደርቃል። ከመርፌው በኋላ እርጥቡን ጥጥ መጫን ያቃጥላል እንጂ ደም አያቆምም። ያም ሆኖ በየቦታው የምናየው ያቺኑ አንዷን ጥጥ ለሁለቱም ሥራ ማዋል ነው።

አጫጫኑን በትክክል እንናገረው። ክንድ ይዘረጋል፤ አይታጠፍም። ሁለት ጣት ጎዙ ላይ ይደረጋል፤ የቆዳውን ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ትንሽ ወደ ትከሻ ከፍ ያለውንም ቦታ እንዲሸፍን ሆኖ። ቀጥ ብሎ ይጫናል፣ አይታሽም። ጤነኛ ሰው 2 እስከ 3 ደቂቃ፣ አስፕሪን ወይም የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ። በሰዓት ነው፣ በግምት አይደለም፤ በግምት 3 ደቂቃ የሚባለው ብዙ ጊዜ 40 ሰከንድ ነው። መሐል ላይ «ቆመ ወይ?» ብሎ እያነሱ ማየት መቁጠሪያውን ከዜሮ ያስጀምራል። ክንዱ ከልብ ከፍታ በላይ ቢነሣ ደግሞ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይረዳል።

ክንድ መታጠፍ ለምን መጥፎ ሆነ? ክንድ ሲታጠፍ ጥጡ ላልቶ ይንሸራተታል እንጂ አይጫንም፤ በመታጠፊያው ያለው ደም ስርም ይጨማደድና ቀዳዳው ጠርዝ ለጠርዝ አይገናኝም። ሲዘረጋ ደግሞ የጀመረው መርጋት ተጎትቶ ይከፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው የደም አቀዳድ መመሪያ ታካሚው ክንዱን እንዳያጥፍ ይንገሩት የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ «እጠፍና ያዝ» እያልን ያስተማርነው እኛው ባለሙያዎች ስለሆንን በታካሚ መፍረድ አይገባም።

ፕላስተርም አሳሳች ነው። ሳይጫን የተለጠፈ ፕላስተር የላይኛውን ቀዳዳ ዘግቶ የታችኛውን ይሰውራል። ከተጫነ በኋላ ይለጠፍ፤ ለ80 ዓመት አዛውንት ግን ፕላስተር ሲነቀል ቆዳውን ይዞ ስለሚነሣ በጎዝ ላይ ላላ ያለ ፋሻ ይጠምጠምላቸው።

ከዚያ ቀጥሎ በዚያ ቀን የሚሠራው ሥራም ነገሩን ሊያበላሸው ይችላል። ደሙ በተቀዳበት ክንድ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት፣ ሕፃን መሸከም፣ ሊጥ ማቡካት፣ የገበያ ዕቃ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ መውጣት የተደፈነውን ይከፍተዋል። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት በሌላው እጅ መሥራት ነው። ቀኝ እጅ ሥራ የሚበዛበት ሰው ከመጀመሪያው ግራውን ያቅርብ።

ክፍሎቹ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ጠዋት የሚነፍሰው ብርድ ደም ስር ያሸሻል። በቀዘቀዘ እጅ ደም ስር ተኮማትሮ ይደበቃል፤ የተደበቀ ደም ስር ደግሞ ይፈለጋል፣ ይቆፈራል፣ ይበልዛል። እዚህ ላይ ሞቅ ያለ የመጠበቂያ ክፍል ቅንጦት አይደለም። ክንድን ለ3 እስከ 5 ደቂቃ በሞቀ (በማያቃጥል) ውሃ በተነከረ ጨርቅ መሸፈን ደም ስሩን ያወጣዋል። ይህን የሚያደርግ ክፍል ካያችሁ ሙሉ ነጥብ ስጡት። በጥፊ እየመቱ ደም ስር ማውጣት ግን ራሱ ያበልዛል፤ እጅ ደጋግሞ ጨብጦ መክፈትም ፖታሲየምን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። አንዴ ቀለል አድርጎ መጨበጥ ይበቃል።

ኮምቦልቻ፣ ባቲና ከሚሴ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሙቀቱ ያጠማል፣ የተጠማ ሰው ደም ስሩ ይላላል። በባዶ ሆድ ለሚሠራ ምርመራ ውሃ አይከለከልም። ብዙ ሰው ግን «ምንም እንዳትቀምስ» የተባለውን ውሃንም ጨምሮ ወስዶት ጠውልጎ ይመጣል። (ያለ ስኳር የተጠጣ ቡና ግን ይቆጠራል፤ «ስኳር የለውም እኮ» የሚለው ክርክር አያዋጣም።) በረመዳን ለሚጾም ሰው ባዶ ሆድ የማይጠይቅ ምርመራ ከሆነ ከሱሑር ብዙ ሳይርቅ በማለዳ መቀዳት ይሻላል፤ ወደ ማታ ሰውነቱ ይደርቃል። ለስኳር ምርመራ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር መመካከር ነው።

የጥሩ ክፍል ምልክቶች ብዙ አይደሉም። የክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር አለ፤ ታካሚ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክንዱ አየር ላይ አይንጠለጠልም። ባለሙያዋ ከመውጋቷ በፊት «የደም ማቅጠኛ ትወስዳላችሁ? ከዚህ በፊት ራሳችሁን ስታችሁ ታውቃላችሁ?» ትላለች። ደም ስሩን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት ዳስሳ ታገኘዋለች። መታጠፊያው መሐል ያለውን ወይም በአውራ ጣት በኩል ያለውን ትመርጣለች፤ በትንሿ ጣት በኩል ውስጥ ያለውን መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች፤ ምክንያቱም ደም ወሳጅና ነርቭ አጠገቡ ያልፋሉ፣ ደም ስሩም እየተንሸራተተ ያመልጣል። ሁለት ጊዜ ሞክራ ካልሆነላት ሌላ ሰው ትጠራለች። ሦስተኛ፣ አራተኛ የሚሞክር ክፍል ውስጥ «ይቅርብኝ፣ ሌላ ሰው ይምጣ» ማለት መብት ነው። የወጋችበትን ደግሞ መጫኑን ሳታይ «ቀጣይ!» አትልም።

ይኸኛው ላይ ነው አብዛኛው ክፍል የሚወድቀው። ሰልፍ አለ፣ ወንበር አንድ ነው፣ ታካሚው ሦስት ደቂቃ ተቀምጦ ይጫን ቢባል ቀጣዩ ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበርና ግድግዳ ላይ ሰዓት። በየክፍሉ ግን አይገኝም።

ደም የሚለግሱ ሰዎች ይህን በተሻለ ያውቁታል። በደም ባንክ የሚጠቀሙበት መርፌ በተለምዶ 16 ቁጥር፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአረንጓዴው እጥፍ። የሚበልዝበት ዕድልም ይጨምራል፣ ስለዚህ ከልገሳ በኋላ 5 ደቂቃ ሙሉ መጫንና ቀኑን ከባድ ነገር አለማንሳት ነው።

ከበለዘ በኋላ፦ ቅባቶቹና ቤት ውስጥ ያለው መላ

በመጀመሪያው ቀን የሚጠቅመው ብርድ ነው። በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። በረዶ ራቁቱን ቆዳ ላይ አይቀመጥም። ከአንድ ቀን በኋላ፣ እብጠቱ ከቆመ፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ የፈሰሰው ደም እንዲጠረግ ይረዳል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በመጀመሪያው ሰዓት ማሞቅ ደሙን ያበዛዋል።

በቅቤ ማሸት፣ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማስታሸት አይሆንም። ወጌሻ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ግን የተቀዳደደ ደም ስር ነው፣ ሲታሽ የተደፈነው ይከፈታል። በመርፌ ወግቶ «የሞተውን ደም» ማውጣት ደግሞ ቁስል መጋበዝ ነው።

ፋርማሲ ከሚሸጡት ውስጥ ሄፓሪኖይድ የሚባለው ቅባት ለብልዝ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ብልዙ በራሱ ጊዜም ስለሚጠፋ ለዚህ ብለው ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፣ የቆሰለ ቆዳ ላይም አይቀባም። ዳይክሎፌናክ ጄል ለሕመም ነው፤ ቀለሙን አያጠፋም። ካመመ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም ሕዋሳቱን መጣበቅ ስለሚያዳክሙ ለዚህ አይመረጡም። አስፕሪን አንዴ ከተወሰደ ውጤቱ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ነገር ግን ሐኪም ለልብ ያዘዘውን አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን «በልዞብኛል» ብሎ በራስ ማቋረጥ ክልክል ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው፣ በየወሩ ለአይኤንአር የሚቀዳ ሰው ክንድ እያፈራረቀ ረዘም አድርጎ ይጫን።

ቀለሙ ይለዋወጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ወይም ከቆዳው የጠቆረ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ወደ አረንጓዴነት፣ ወደ ቢጫነት ያልፋል። የፈሰሰው ሄሞግሎቢን እየተበተነ ስለሆነ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። በሁለተኛው ቀን ብልዙ ወደ እጅ አንጓ ወርዶ ቢታይ አዲስ ጉዳት አይደለም፤ ደሙ በስበት ወርዶ ነው። በጣም የሚያስደነግጠው ይህ ነው፣ ብዙ ሰውም ለዚህ ብሎ ተመልሶ ይመጣል።

ተመልሶ መምጣት ያለበት ሌላው ነው። ሲወጋ እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ጣት የሚሮጥ ሕመም ከተሰማ ወዲያው «አውጪው!» ይባላል፤ ነርቭ ተነክቶ ይሆናል፣ ትዕግሥት አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ መደንዘዝ ወይም የመርፌ ጫፍ ዓይነት ስሜት ከቀጠለ፣ እብጠቱ በዓይን እየታየ ካደገ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ፣ ሕመሙ ከብልዙ መጠን በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ቦታው ቀልቶ ቢሞቅ፣ ትኩሳት ቢመጣ፣ መግል ቢይዝ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ደግሞም በትክክል የተጫነ ክንድ በየጊዜው እየበለዘ፣ ድድ እየደማ፣ ነስር እየመጣ፣ ጭንና ሆድ ላይ ያለ ምት ብልዝ እየወጣ ከሆነ ጉዳዩ ከመርፌው አልፏል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ የበለዘውን ቦታ ብቻ ሳይሆን የምትወስዱትን መድኃኒት ካርቶን ሁሉ፣ ከገበያ የተገዛውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ሕዋሳት) ቆጠራም ያዝዝላችኋል። ሲቀዳ ግን ክንዳችሁን ዘርጉ።